የተማሪዎች ሾርባ

የዋርካውን ውኃ ሰው እንዳይጠጣው ለማድረግ አንድ ረፋድ በቃኝ። የከበደኝ መልሶ እንዲጠጣው ማድረጉ ነው።

መጋቢት ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ነበር። የመሬት አዋጁ ከታወጀ ገና ነው፤ እኛ የእድገት በኅብረት ዘማቾች ነን። ጣቢያችን ሐይቅ ከተማ ሲሆን እኔና ሙሉጌታ የተመደብነው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ አምባሰል ተዳፋት ላይ ባለች መንደር ነበር። ጓደኞቻችን አዋጁን ይዘው የገበሬ ማኅበር ለማቋቋም ሲዞሩ ለእኛ ምንጭ ደረሰን። ሙሉጌታ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተማሪ ነው፤ ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ ከድኖ ውኃውን በቧንቧ ለማውጣት ንድፍ ሠርቷል። እኔ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የኔ ሥራ፣ ምንጩ ለምን መከደን እንዳለበት ለሰዉ ማስረዳት ነው። ሲሚንቶውን ጣቢያው ይሰጣል፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን መንደሩ ያዋጣል። መንደሩ ካልተስማማ ሲሚንቶው ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል።

ከአንድ ዋርካ ሥር ነው ያለው፤ ምንጭ ይባል እንጂ በበጋ ኩሬ ነው። ከብቱ በወዲህ ገብቶ ይጠጣል፣ ሴቶቹ በወዲያ ይቀዳሉ፣ መሐሉ ላይ ልብስ ይታጠባል፣ ለሶላት ውዱእ ይደረጋል። ዋርካው ሥር ቆሞ ለሚመለከት ሐይቁ ታች ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ያን ሁሉ ውኃ እያዩ በዚህ ኩሬ መኖር ያናድደኝ ነበር። ግን እንስራ ተሸክሞ ያን ዳገት የወጣ ሰው አይናደድም፤ ኩሬውን ይመርጣል።

መንደሩ እስላምም ክርስቲያንም ነው። እናቱ እስላም አባቱ ክርስቲያን የሆነ ሰው ሞልቷል። ደቦ አብረው ይወጣሉ፣ ለቅሶ አብረው ይቀመጣሉ፣ ዝናብ ሲጠፋ እነዚያ ዱዓ እነዚህ ምሕላ ይዘው አንዱን ሰማይ ይለምናሉ። የማይጋሩት ሥጋን ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት አለ፤ የክርስቲያኑን እስላሙ፣ የእስላሙን ክርስቲያኑ አይቀምሰውም። በዚህ ማንም አይቀየምም፤ ማንም አይቀልድምም። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያደግሁት ደሴ ነው። ከውኃ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በቃል ማስተማሩ አልሆነልኝም። «ውኃው ውስጥ በዐይን የማይታይ በሽታ አለ» ስል በትሕትና ሰምተው፣ «አላህ ያሳድግሽ» ብለው፣ ቀድተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ደሴ ሄጄ ከአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ ተዋስኩ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ከሥሩ ያለች መስተዋት የፀሐይ ብርሃን ትሰጠዋለች። በጋቢ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ አመጣሁት።

ሙሉጌታ አልወደደውም።

«ምኑን ነው የምታሳያቸው?»

«የውኃ ቁንጫውን፤ ኩሬው ውስጥ የሚርመሰመሰውን ትንሽ ፍጡር።»

«እሱ እኮ ማንንም አይገድልም።»

«አይገድልም፤ ግን ይዋኛል። እግር አለው።»

«ተቅማጥ የሚያመጣውስ?»

«በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ቢታይም ነጥብ ነው። ነጥብ አይቶ ማን ይደነግጣል?»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። ሙሉጌታ «አንቺ ታውቂያለሽ» ካለ አልተስማማም ማለት ነው። ጊዜ የለኝምና አልተከራከርኩም።

ዋርካው ሥር ሣጥን ገልብጬ ማይክሮስኮፑን አስቀመጥኩ። ከኩሬው አንድ ጠብታ ቀድቼ አስተካከልኩና መጀመሪያ ኑርሀያትን ጠራሁ። ኑርሀያት በዕድሜ ከእኔ አትበልጥም። ባሏ ሰላሀዲን ጥጥ ለቀማ ዱብቲ ወርዷል፤ የምትኖረው ከአማቷ ከእትዬ አሚናት ጋር ነው። የበኩር ልጇን በተቅማጥ ቀብራለች። ሁለተኛዋ ራህማ ጀርባዋ ላይ ናት። ምንጩ ይከደን ሲባል ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ድንጋይ የተሸከመችው እሷ ናት።

ጎንበስ ብላ አየችና ተስፈንጥራ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ያረቢ! እግር አለው!»

ራህማ እናቷ የዘለለችው ለጨዋታ መስሏት ሳቀች። እትዬ አሚናት ምራታቸውን ገፋ አድርገው ገቡ። አንድ ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ከኛ ኩሬ ነው?»

«አሁን ፊትዎ ላይ ነው የቀዳሁት።»

«ጎንና ጎኑ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው? እንቁላል ነው?»

እንቁላል ነው። ከክፍል ጓደኞቼ ግማሾቹ ያንን ለማየት ግማሽ ሴሚስተር ፈጅቶባቸዋል። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጸዳለ መጣች፤ የቄስ ወልዴ ባለቤት። አይታ ቀና አለችና፣ «ስህንዬ፣ ይሄ እንግዲህ ኩሬው ላይ እንደሚንሳፈፈው አረንጓዴ ያለ ቅጠል ነው ወይስ እንስሳ?» አለችኝ።

«እንስሳ ነው እንጂ! አፍ አለው፣ አንጀት አለው፣ ይበላል፣ እንቁላል ይጥላል።»

ጸዳለ እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደች።

«ሁዳዴ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ከቅበላ ወዲህ ይሄን ስጠጣ ነው የከረምኩት።»

አንዱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እትዬ አሚናት ግን አልሳቁም።

«የናንተስ ጾም ነው፤ በፋሲካ ይፈታል» አሉ። «የኛን ማን ባረከው? ቢስሚላህ የተባለበት ቢላዋ የታል?»

«እትዬ አሚናት፣ ዓሣስ ይታረዳል እንዴ?»

«ዓሣ እግር የለውም። ይሄ እግር አለው። ራስሽ አሳይተሽኝ ራስሽ ልትክጂኝ ነው?»

«እሺ፣ አፍሉታ! ሲፈላ ይሞታል!»

«ሲፈላማ ሾርባ ሆነ» አለች ጸዳለ።

ቀልድ ልታደርገው ነበር የፈለገችው። ማንም አልሳቀላትም። ሴቶቹ እንስራቸውን ባዶውን አንሥተው ተበተኑ። ኩሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ላይ ሰው ሳይኖርበት አየሁት። ሙሉጌታ ንድፉን ጠቀለለ።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ውኃው ሥጋ ካለበት የጋራ ሊሆን አይችልም። ይሄን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ መወሰንም አላስፈለገም። ክርስቲያኖቹ ከኩሬው በላይ፣ መሬቱ በሚረጥብበት ላይ፣ አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ። በሦስተኛው ቀን እስላሞቹ ከዋርካው ወዲህ ሌላ ቆፈሩ። በሁለቱ መሐል እሾህ ተጣለ። እሾሁን ፍየል ሲያልፈው ለመክደኛ የሰበሰብነው ድንጋይ እየተነሣ አጥር ተሠራበት። ጉድጓዶቹ ጭቃ ናቸው፤ ፍየሎቹ በሁለቱም ውስጥ አፋቸውን ይነክራሉ፤ ውኃውም ከአንድ ሥር የሚመጣ ነው። ይሄን ለመናገር በየቤቱ ዞርኩ። «እሱስ እውነት ነው» ይሉኛል፤ ከዚያ በየጉድጓዳቸው ይሄዳሉ።

«ድንጋዬን ወሰዱት» ይል ነበር ሙሉጌታ፣ አጥሩን እያየ። «ከነልኩ።» ጣቢያው ደግሞ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ስምምነት ካልተደረሰ ሲሚንቶውን ሌላ ቦታ እንደሚልከው አስታወቀን።

ኑርሀያት እኛ ወዳለንበት ጎጆ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ራህማን ታቅፋታለች። ልጅቷ ዐይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ስታለቅስ ድምፅ እንጂ ዕንባ የለም። እጇን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቆዳዋ እንደቆመ ቀረ።

«ሐይቅ ወስጃት ነበር» አለች ኑርሀያት። «የክሊኒኩ ድሬሰር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ላይ ትንሽ ጨውና ስኳር ጨምረሽ ቶሎ ቶሎ አጠጫት፣ ውኃው ነው የሚያድናት አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ድስት የለኝም።»

«ድስት የለኝም ማለት?»

«ድስቱ የአማቴ ነው። ‹ያልታረደ ነገር ቀቅለሽ ዕቃዬን አታነጅሺ› አለችኝ።»

ሌላ አልጠየቅሁም። በራሳችን ጣሳ ውኃ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ጨውና ስኳሩን ጨመርኩ፣ ጣሳውን ይዤ ከኑርሀያት ጋር ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷን ከእኛ ዘንድ ላጠጣት እችል ነበር፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ነገም ማጠጣት አለ። ኑርሀያት ከአማቷ ተደብቃ ልጅ ማዳን አትችልም።

እትዬ አሚናት ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ጣሳው የኛ ነው» አልኩ። «ድስትዎን አልነካነውም።»

«ድስቴን ተይው። የልጄን ልጅ ሆድ ነው የምልሽ።»

«ካልጠጣች ትሞታለች!»

«ወንድሟም በአላህ ውሳኔ ነው የሄደው። እኔ አውቄ፣ በዐይኔ አይቼ፣ በክት አጠጥቻት ነገ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ልጅቷን ከኑርሀያት ክንድ ተቀብለው፣ በሻሻቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት። ጨካኝ ቢሆኑ ኖሮ ሥራዬ ይቀል ነበር። እሳቸው ራሳቸው ካዩበት ቀን ጀምሮ ከወተት ሌላ በአፋቸው አልገባም፤ ላሟ ደግሞ እየነጠፈች ነው። ለራህማ ከወተቱ ሰጥተዋት መልሳዋለች።

ጣሳውን ለኑርሀያት ትቼ ማይክሮስኮፑን አንሥቼ ወደ ቄስ ወልዴ ሄድኩ። ክርስቲያኑ ወገን ቢለዝብ ሌላውም ይከተላል ብዬ ነው። ከማሳ ገብተው አረፍ ብለው አገኘኋቸው። ጋቢውን ስፈታ እጃቸውን ዐይናቸው ላይ ጋረዱ።

«አላይም።»

«አባ፣ አይነካዎትም።»

«ካየሁ እጠየቅበታለሁ። ካላየሁ የጠጣሁት ውኃ ነው።»

«ይሄ እኮ መሸሽ ነው።»

«እንዴታ! ጾም የያዘ ሰው ከፈተና ይሸሻል እንጂ ፈተናውን አጉልቶ ይመለከታል? ጸዳለን አየሽልኝ፤ ካየች ወዲህ ቤቴ ውኃ ጠፍቶ በጠላ ልንሞት ነው።» ከዚያ ጣሳ ይዤ እትዬ አሚናት ደጃፍ መቆሜን ሰምተው ኖሮ፣ ቀልዱን ትተው ተነሡ። «የልጅቷ ነገር አይቆይም። ሼህ ኑርዬ ዘንድ እንሂድ። እሳቸው ሳይኖሩበት የምናገረው ለግማሽ ምንጭ ነው።»

ሼህ ኑርዬን ይዘን ዋርካው ሥር ስንደርስ መንደሩ ተከትሎን ነበር። እትዬ አሚናትም መጡ፤ ኑርሀያት ከልጅቷ ጋር ቤት ቀርታለች። ማይክሮስኮፑን አቁሜ ከኩሬው ጠብታ አኖርኩበት። ሼሁ የዐይናቸው ብርሃን የደከመ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ልጆቹን የሚገድለው ይሄ ነው?»

ሙሉጌታ ከሰዉ መሐል አየኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ይሄ ምንም አያደርግም። ገዳዩ ከዚህ በጣም ያንሳል። በዚህ መሣሪያ አይታይም።»

«ታዲያ ምን አድርጉ ብለሽ ነው ያሳየሽን?» አሉ እትዬ አሚናት።

«ስነግራችሁ አልሰማችሁማ!»

ሼህ ኑርዬ ሳቁ። «እንግዲያ አንቺም በማይታይ ነገር ታምኛለሽ።»

«እኔ እሱን ባላየው ሥራውን አያለሁ። ውኃ በሚያፈሉ ቤቶች ልጅ በተቅማጥ ሲሞት እምብዛም አይታይም። ሌላ ማስረጃ የለኝም።»

«ይሄስ ደህና መልስ ነው።» ጺማቸውን ዳሰሱ። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ያለዚህ መነጽር ይታያል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ትልልቁ ይታያል። ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ፀሐይ ላይ ቢያዩት ነጭ ነጥብ ሆኖ ሲዘል ያዩታል። ትንንሹ አይታይም።»

«የሚታየውን ጨርቅ ይይዘዋል?»

«ጥሩ ጨርቅ ከሆነ ይይዘዋል።»

«እንግዲህ ስሙ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «የውኃ ፍጡር ስለሆነ ያለ ቢላዋ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ፤ እግር ካለው አይፈቀድም የሚሉም አሉ። ልጅ ታማ ተኝታ በዚህ አንከራከርም። በዐይናችሁ የሚታየውን በጨርቅ አጥልሉ። ከጨርቅ ያለፈውን፣ አላህ የሰጠን ዐይን ካላየው፣ አንጠየቅበትም። ያንን ያፈላ ሰው ውኃ አፈላ እንጂ ሥጋ አልቀቀለም። ድስትም አይነጅስም።»

«ለኛም እንዲሁ ነው» አሉ ቄስ ወልዴ። «ያጠለለ ጾሙን አልገደፈም።» ወደ ጸዳለ ዞር ብለው፣ «ሰማሽ?» አሏት።

ሼሁ በምርኩዛቸው እሾሁን ገፋ አደረጉት። ቄስ ወልዴ የራስ ጥምጥማቸውን ፈትተው ጫፉን ኩሬው ላይ ዘረጉ፤ በጨርቁ ያለፈውን በመዳፋቸው ተቀበሉና መጀመሪያ ለሼሁ ሰጡ። ሁለቱም ጠጡ። ጥሬውን! ከብት ከገባበት ኩሬ!

«አላፈላችሁትም እኮ!» ብዬ ጮኽኩ።

«የሚፈቀደውን ጠየቅሽን፣ ነገርንሽ» አሉ ሼህ ኑርዬ፣ ጺማቸውን እየጠረጉ። «ማፍላቱን ማሳመን ያንቺ ሥራ ነው።»

ሰዉ ደስ ብሎት ወደ ኩሬው ተንጋጋ። አብሬያቸው ልደሰት አልቻልኩም። ተነሥቼበት ወደነበረው ቦታ መመለሴ ነው፤ ልዩነቱ አሁን በጨርቅ ያጠላሉ። ግን የፈለግሁት አንድ ነገር በእጄ ገብቷል፤ ድስት አይነጅስም ተብሏል። እትዬ አሚናትን ፈለግኋቸው። ከሰዉ ተለይተው ቆመዋል።

«ሰምተዋል፤ እንሂድ።»

«እሳቸው ያሉት ላላየ ዐይን ነው። እኔ አይቻለሁ። ከጨርቁ ሾልኮ ያለፈ እንዳለ ምን አውቄ?»

«ወስዋስ ነው አሚናት፤ ከንቱ ጥርጥር» አሉ ሼሁ ከሩቅ።

«ወስዋስም ይሁን። ይቺ ያሳየችኝን ይቺው ትንሣልኝ።»

እንግዲህ ሄድን። ራህማ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ አሁን ማልቀሱንም ትታዋለች። ኑርሀያት ጣሳውን እንደያዘች ነው፤ አላጠጣቻትም። ከአማቷ ጋር እንዳትጣላ በዐይኔ ከለከልኳት። እትዬ አሚናት የራሳቸውን ሻሽ ሰጡኝ፤ አዲስ ውኃ በሱ አጥልዬ በጣሳችን አፈላሁት። ሲቀዘቅዝ ማይክሮስኮፑን ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል አቆምኩት።

ማይክሮስኮፑ ሦስት ሌንስ አለው። ዋርካው ሥር የተጠቀምሁት መካከለኛውን ነው። በመካከለኛው ቢያዩ፣ ሻሽ ያለፉ፣ እሳት የገደላቸው ጥቃቅን ነገሮች እንደ ትቢያ ተበትነው ያያሉ። በትልቁማ አይነሣ። እጄ ሌንሱን ሲያዞር ሙሉጌታ ያየኝ ነበር። ብዙ የማያጎላውን ትንሹን ሌንስ አመጣሁ።

«ይዩ።»

ዐይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ጠብታውን ቀስ ብዬ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀስኩላቸው።

«ምን ይታይዎታል?»

«ብርሃን ነው።»

«ሌላስ?»

«ብርሃን ብቻ ነው።» ቀና አሉ። ማይክሮስኮፑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ሁለተኛ ጎንበስ ብለው አዩና ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ኑርሀያት! ድስቱን አምጪ። የሷ ጣሳ ለማን ይበቃል!»

ከዚያ በኋላ የሠራችው ኑርሀያት ናት። በማንኪያ፣ ልጅቷ ስትመልሰው ትንሽ ቆይታ፣ እንደገና በማንኪያ። እትዬ አሚናት ያፈላሉ፣ እሷ ታጠጣለች።

ስንመለስ ሙሉጌታ መንገድ ላይ «ትንሿን ሌንስ አዞርሽ» አለኝ።

«አዎ።»

«በትልቋ ቢያዩስ?»

«ሬሳ ያያሉ። ራህማ አትጠጣም።»

«ውሸት ነው ልልሽ አልችልም» አለ። «ምክንያቱም ያሳየሻቸው ነገር እውነት ነው። እውነት ነው ልልሽም አልችልም።»

«ስም ስታወጣለት ንገረኝ።»

ተቆጥቼ ነበር የመለስኩለት፤ ግን ነገሩ አብሮኝ ሰነበተ። መሣሪያው ለማሳየት ነው የመጣው። ሁለት ጊዜ አሳየሁበት፤ አንድ ጊዜ እንዲፈሩ፣ አንድ ጊዜ እንዲረጉ። ገዳዩን በሁለቱም አላሳየሁም፤ አልችልምም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማየትና ማወቅ አንድ ናቸው ብለው ነበር ያስተማሩን፤ ያየኸውን ሣል፣ ስሙን ጻፍ፣ ማርክህን ውሰድ። የትኛው ሌንስ ለየትኛው ሰው፣ በየትኛው ቀን የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አልመጣም። ዛሬም ቢሆን ያችኑ ሌንስ ነው የማዞረው። ሙሉጌታ ስም አላወጣለትም፤ እኔም አልፈለግሁለትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኑርሀያት ከሩቅ እየጮኸች መጣች።

«ዕንባ አለው! ልቅሶዋ ዕንባ አለው!»

ሄጄ አየሁ። ራህማ አያቷ ጭን ላይ ሆና፣ አፏን ከፍታ፣ በንዴት ታለቅሳለች፤ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። ማንኪያው ዘገየባት መሰለኝ።

«አልሀምዱሊላህ በይ» አሉኝ እትዬ አሚናት።

«አልሀምዱሊላህ» አልኩ።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተስተካከለም። ኩሬውን ሁሉም በጨርቅ ማጥለል ያዘ፤ የሚያፈላው ግን ጥቂት ነበር። ማገዶ አለ፤ ማገዶ የሚለቅም ጀርባ አለ። ያፈሉት በብዛት ልጅ የታመመባቸው ቤቶች ናቸው፤ እነሱም ራህማን አይተው እንጂ እኔን ሰምተው አይደለም። የፈላ ውኃ ስም ወጣለት፤ «የተማሪዎች ሾርባ» ይሉታል። «ልጁ ሆዱን አሞታል፣ ሾርባ አፍይለት» ሲባባሉ እሰማለሁ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን እኔ ያወጣሁለት ስም ቢሆን ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ብዬ ተውኩት።

የድንጋዩ አጥር የፈረሰው በሙሉጌታ ነው። አንድ ጠዋት ብቻውን ሄዶ ከጫፉ ጀምሮ ያነሣ ጀመር፤ እያነሣ በየልኩ ይደረድራል። መጀመሪያ ኑርሀያት መጣች። ቀጥሎ ጸዳለ። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን ለአጥር የተሸከሙት ሰዎች ራሳቸው መልሰው ተሸከሙት። ሲሚንቶው መጣ፣ ምንጩ ከሥሩ ተጠርጎ ተከደነ፣ ለከብቱ ከታች የራሱ ገንዳ ተሠራለት። ሥራው ያለቀው የበልጉ ዝናብ ከመክበዱ በፊት ነው። ውኃው በቧንቧው አፍ እንደ ጣት ቀጥኖ፣ ግን ሳያቋርጥ፣ ወረደ።

ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ቄስ ወልዴ ነጭ ለብሰው ዋርካው ሥር መጡ። ማይክሮስኮፑን ወደ ደሴ ለመመለስ በጋቢ እየጠቀለልኩ ነበር።

«ተይ፣ ፍቺው» አሉኝ። «ጾም ተፈቷል። አሁን አሳዪኝ።»

ከቧንቧው አንድ ጠብታ ወስጄ አስቀመጥኩላቸው። ትንሹን ሌንስ አስቀደምኩ። አዩ።

«ምንም የለም።»

መካከለኛውን አዞርኩ።

«አሁንም የለም። እጅሽ በደንብ ይዞታል?»

ራሴ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠብታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩት፣ ትልቁን ሌንስ አዞርኩና እንደገና ፈተሽኩት። አንድ ሁለት የአሸዋ ቅንጣት አለ። የሚዋኝ የለም፣ እግር ያለው የለም። በየትኛውም ሌንስ ያው ነው።

«ሁዳዴን ሙሉ ለዚህ ነው የጠበቅኩት?» አሉ ቄስ ወልዴ፣ ተቀይመው። «ጸዳለ አየች፣ አሚናት አየች፣ ሼሁ እንኳ አዩ። እኔ ብቻ ልቅር?»

ኑርሀያት እንስራዋን ቧንቧው ሥር ደቅናለች። እትዬ አሚናት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እስኪሞላ ይጠብቃሉ፤ ራህማ ቀሚሳቸውን ይዛ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ትረግጣለች።

«አይልፉ አባ ወልዴ» አሉ እትዬ አሚናት። «ሾርባው አልቋል።»